የሚያስተዳድር ሰው ከማን ይማራል?



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ሲሰሙት የሊቃውንት ብቻ ይመስላል። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት፣ በዚሁም ላይ የሚደረገው ምርምር፣ ሰውን ፍትሐዊ አስተዳዳሪ ያደርገዋልን? የሚያደርገው ከሆነ በምን መንገድ ነው? የማያደርገው ከሆነስ የጎደለው ምንድን ነው?

ጥያቄው ግን የሊቃውንት ብቻ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት አገር፣ የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይጁቤ ትገኛለች። እንደ ይጁቤ ባለች የወረዳ ከተማ መንግሥት ሩቅ ነገር አይደለም። መንግሥት ማለት የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ግብር የሚከፈልበት መስኮት፣ ማኅተም የያዘው ጸሐፊ ነው። የሟች ባሏን ይዞታ በስሟ ለማዛወር ከገጠር ቀበሌ በሌሊት ተነሥታ በእግሯ የመጣች ባልቴት ፊት ለፊት የምታገኘው ወጣት ባለሙያ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ባለ ዲግሪ ነው። የተማረውን ትምህርት እርሷ አታውቀውም፤ ፍሬውን ግን የምትቀምሰው እርሷ ናት። ስለዚህ ጥያቄው የእርሷ ጥያቄ ነው። የእርሷ ከሆነ ደግሞ የእኛም ነው።

1. ትምህርቱ ከወዴት መጣ?

በአገራችን አስተዳደርን በዕውቀት የመመርመር አሳብ ትናንት የተወለደ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” የተሰኘውን ሥራቸውን ትተው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ መጽሐፉ በ1916 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። እንዲህ ባለ ርእስ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በፊት መታተሙ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ኮሌጁን በመጀመሪያ ፕሬዚዳንትነት የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዶክተር ሉስየን ማት እንደ ነበሩ አንባቢዎቻችን በደስታ ያስታውሳሉ። በዚያው በ1940ዎቹ ዓመታት በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያሠለጥን የሕዝብ አስተዳደር ተቋም በአዲስ አበባ ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥርና ዕድገት በችሎታ ላይ እንዲመሠረት የሚከታተል ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ የተደረገበት ሥርዓትም ሊረሳ አይገባውም።

የጎጃም ተወላጅ የሆኑት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመው፣ በኋላም አገራቸውን በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት አገልግለዋል። ሁሉም የሚያውቃቸው “ፍቅር እስከ መቃብር” በተሰኘው ልብ ወለዳቸው ነው፤ ነገር ግን በ1966 ዓ.ም.፣ ሥርዓቱ ሲናወጥ፣ ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳትመዋል። ጥያቄያቸው ዛሬም አላረጀም።

በ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ፤ ይኸውም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ሁሉ ተጠያቂ እንዲሆን ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. ብዙ የመንግሥት ሥራና በጀት ወደ ወረዳ እንዲወርድ ሲወሰን ወረዳዎቻችን የተማረ ሰው ፈለጉ። በ1999 ዓ.ም. የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሩን ከፈተ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅም ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲ ተግባራት አድርጎ ይቈጥራል።

ከዚህ ሁሉ ትምህርት በኋላ ግን በጽሕፈት ቤቱ ደጅ ያለው አግዳሚ ወንበር ባዶ አልሆነም። “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው”፣ “ፋይሉ አልተገኘም”፣ “ለነገ ተመለስ” የሚሉትን ቃላት በየትኛውም ወረዳ ያለ ገበሬ በቃሉ ያውቃቸዋል። አባቶቻችን ይህን ደጅ ጥናት ይሉት ነበር። በሹም ደጅ ቆሞ የሹሙን መግቢያና መውጫ፣ የቁጣውንና የደስታውን ሰዓት የሚያጠና ሰው ደጅ ጠኚ ይባላል። እንግዲህ በአገራችን ሁለት ዓይነት ጥናት አለ ማለት ነው፤ ምሁሩ አስተዳደርን ያጠናል፤ ድኻው ደግሞ አስተዳዳሪውን ያጠናል። ሁለቱ ጥናቶች የማይገናኙት ስለ ምንድን ነው?

2. ሁለት ዓይነት ማወቅ

አርስቶጣሊስ የእጅን ሙያ ከልብ አስተዋይነት ለይቶ እንዳስተማረ በፍልስፍና ትምህርት እንማራለን። ግንበኛ ክፉ ሰው ቢሆንም ግድግዳው ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። ማስተዳደር ግን እንዲህ አይደለም። በጀት መደልደል፣ ዕቅድ ማውጣት፣ መዝገብ መያዝ ሙያ ነው፤ ሊማሩት ይቻላል፤ ሊማሩትም ይገባል። መዝገብ አያያዝ የማያውቅ ደግ ሹም ባልቴቷን በደግነቱ አይረዳትም፤ ፋይሏ በእርሱም እጅ ይጠፋልና። ዳሩ ግን ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ ሕጉ ከዚህች ሴት ጉዳይ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ መቼ መጠበቅ መቼ መቸኮል እንደሚገባ የሚያሳየው አስተዋይነት ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ አስተዋይነት ሲያስተምር ከክፍሎቹ አንዱ ከሌላው ለመማር የተዘጋጀ ልብ መሆኑን ይናገራል። ምክንያቱንም ሲገልጽ፣ የሰው ልጅ ተግባር ዝርዝሩ ወሰን ስለሌለው አንድ ሰው ብቻውን በአጭር ጊዜ ሊመረምረው አይችልም፤ ስለዚህ ሊቅም ቢሆን በዚህ ረገድ ተማሪ መሆን አለበት ይላል። ይህ ትምህርት ለጽሑፋችን መሠረት ነው። የሚያስተዳድር ሰው ከመምህሩ፣ ከመጽሐፉ፣ ከአለቃው መማሩ አይበቃም፤ ከሚያስተዳድረው ሰው ለመማር ካልተዘጋጀ ሙያው ገና ጎዶሎ ነው።

በኦሪት ዘፀአት የምናነበው የዮቶር ምክር (ዘፀ. 18፥13-26) ይህንኑ ያሳየናል። ሙሴ በግብጻውያን ጥበብ ሁሉ የተማረ ሰው ነበር። ሆኖም ብቻውን ሲፈርድ ሕዝቡ ከጥዋት እስከ ማታ በፊቱ ቆሞ ይውል ነበር። አማቱ ዮቶር ሊጠይቀው ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማየት ነው። ምክር ከመስጠቱ በፊት ቆሞ የሚውለውን ሕዝብ አየ፤ ሙሴንም ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠየቀው። ከዚያ በኋላ ሥልጣኑን ለሻለቆች፣ ለመቶ አለቆች፣ ለሃምሳ አለቆችና ለአሥር አለቆች እንዲያካፍል መከረው። የሚሾሙትም ችሎታ ያላቸው ብቻ ሳይሆኑ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ እውነተኞች፣ ጉቦን የሚጠሉ እንዲሆኑ ጨመረበት። ሙሴም ከባዕድ ሰው የመጣውን ምክር አልናቀም። አስተዳደርን ያሻሻለው ያ ጥናት የተጀመረው በደጅ ከቆሙት ሰዎች ነው።

3. ገመዱ በጎጃም

አሳባችንን በምሳሌ ለማስረዳት ከራሳችን አገር ታሪክ እንውሰድ። በጎጃም ምድር መሬትን መለካት ከባድ ነገር ነው። የገመዱን ታሪክ በሦስት ጊዜያት ብንመለከት ዕውቀትና ፍትሕ እንዴት እንደሚገናኙ፣ እንዴትም እንደሚለያዩ እናያለን።

ሀ. ያልተዘረጋው ገመድ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ሕግ ነበር። አሥራትን ሽሮ እያንዳንዱ እንደ ገቢው መጠን እንዲከፍል የሚያዝ ነበረና። የጎጃም ገበሬ ግን ከገማቾቹ በኋላ ቀላድ እንደሚመጣ፣ ቀላድ ከተጣለም ርስቱ እንደሚጠፋ ፈራ። የአካባቢውን ሹማምንት ጉቦኝነትም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። አቤት ብሎ መልስ ሲያጣ አመፀ፤ መንግሥትም ጦር አዘመተ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብር ተማረ፤ አዋጁም በጎጃም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን አመፅ ከትግራይና ከባሌ አመፆች ጋር አነጻጽረው መርምረውታል።

ቅዱስ ቶማስ ሕግ ሕግ እንዲባል አራት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት ያስተምራል፤ ከአእምሮ የመነጨ፣ ለጋራ ጥቅም የታሰበ፣ የማኅበረሰቡ ኃላፊ በሆነው ያወጣው፣ ለሕዝቡም የተገለጸ መሆን አለበት። በ1960ው አዋጅ ሦስቱ ቢኖሩ እንኳ አራተኛው ጎደለ። በነጋሪት ጋዜጣ መታተም ለገበሬው መገለጥ አይደለም። ደግሞም መግለጽ በአንድ ወገን ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ የሚናገረው ሰው የሰሚውን ፍርሃት ካላወቀ ቃሉ አይደርስም። የሚያስቆጨው ደግሞ ያ ፍርሃት የተሰወረ አለመሆኑ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን በዚያው ዘመን በደጋ ዳሞት አካባቢ ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ርስት ለጎጃም ሰው የመሬት ስፋት ብቻ ሳይሆን የዘር ቆጠራ፣ የማንነትና የክብር ጉዳይ መሆኑን ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ሁሉ ለማወቅ ይቻል ነበር።

ለ. ሰውን የለካው ገመድ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል መሬት እንደ ገና ሲደለደል በደርግ ዘመን በማኅበራቱ ሥልጣን የነበራቸው ገበሬዎች “ቢሮክራሲ” ተባሉ፤ የቀድሞ ባላባት ወገኖችም “የፊውዳል ቅሪት” ተባሉ። ሌላው ገበሬ እስከ 12 ጥማድ ሲፈቀድለት እነዚህ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይኖራቸው ተወሰነ። አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ስለ እነርሱ ሰልፍ ወጡ።

በዚህ ድልድል መሬት አልባ የነበሩ ወጣቶችና ሴቶች መሬት ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ይህንንም መካድ አይገባም። ነገር ግን ቢሮክራሲ የሚለው የአስተዳደር ሳይንስ ቃል ወደ ጎጃም መንደር የገባው በዚህ መንገድ እንደ ሆነ ልብ እንበል። በዩኒቨርሲቲ በሥርዓትና በደንብ የሚሠራ አስተዳደርን የሚያመለክተው ቃል በመንደሩ የአንድን ገበሬ ጥማዶች የሚቀንስ ስም ሆነ። አንድ ሰው በምን ጥፋት እንደ ተከሰሰ ተሰምቶ፣ መልሱም ተደምጦ ሳይሆን በተሰጠው ስም ሲፈረድበት፣ የተለካው መሬቱ ሳይሆን ሰውየው ነው።

ሐ. በጎረቤት እጅ የተያዘው ገመድ። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በክልሉ የገጠር ይዞታ መመዝገብና የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ተጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ወረዳዎች አንዱ ከባሶ ሊበን ጋር የሚዋሰነው ጎዛምን ነበር። ያ የተፈራ ገመድ በዚያው በጎጃም ምድር ተዘረጋ፤ አመፅ ግን አልተነሣም። የለኩት ነዋሪው ራሱ የመረጣቸው የቀበሌ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባላት ነበሩ። ባለ ይዞታውና አዋሳኞቹ በማሳው ላይ ቆመው ወሰኑን አሳዩ፤ ምዝገባውም ለሕዝብ ቀርቦ የሚቃወም ሰው እንዲናገር ዕድል ተሰጠ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ወጣ። በክልሉ የተደረጉ ጥናቶችም ደብተር ያገኘ ገበሬ መሬቱን የማጣት ስጋቱ እንደ ቀነሰ፣ እርከን ለመሥራትም እንደ ተበረታታ አሳይተዋል።

ደብተሩ ሁሉን ነገር ፈታ አንልም። የወሰን ክርክር ዛሬም አለ፤ ዘመድና ጉልበት የሌለው ሰው በጎረቤቱ ፊት ዝም ሊል ይችላል። ሆኖም በሦስቱ ጊዜያት መካከል ያለው ልዩነት በገመዱ አይደለም፤ በባለሙያዎቹ ዲግሪ ብዛትም አይደለም። በሦስተኛው ጊዜ የሚለካበት ሰው በቦታው ነበረ፤ ገመዱን አየ፤ “እንዲህ አይደለም” ለማለትም ተፈቀደለት። ባለሙያው ከገበሬው ተማረ። ልዩነቱ ይህ ነው።

4. ጠያቂውና ተጠያቂው

እስካሁን የተናገርነው ስለሚያስተዳድረው ሰው ነው። የሚመራመረውም ሰው ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ዛሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚሆን ጥናት ይዞ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው። መጠይቁን ይዘረጋል፤ በወረዳው አገልግሎት ገበሬው ምን ያህል እንደሚረካ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ እንዲመልስ ይጠይቃል። ገበሬው እንግዳ አክባሪ ነው፤ ደግሞም ወረቀት የያዘ ሰው ማን እንደ ላከው አያውቅም፤ ስለዚህ “ደኅና ነው” ይላል። ተማሪው 4 ቁጥርን ያከብባል። ያ ቁጥር ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በመደርደሪያ ይቀመጣል። በጥናቱ ውስጥ ውሸት የተናገረ ሰው የለም፤ እውነቱ ግን አልተገኘም።

ቀደም ሲል በጎጃም የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤያት የሚማረው የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየለመነ ይማር ነበር። እንጀራው ከማን ደጅ እንደ መጣ ያውቃል፤ ያበላችውንም እናት በዓይኑ ያያል። የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል ቢፈርምም፣ የሚበላው እንጀራና የሚማርበት አዳራሽ በአመዛኙ ከሕዝብ ገንዘብ የተገኘ ነው። ደጁን ስላላየው ግን ዕዳውን ይረሳዋል። ስለዚህ ለምርምር ወደ ገበሬው ሲሄድ እንደ ባለ ዕዳ ሳይሆን እንደ ውለታ አድራጊ ሊሄድ ይፈተናል። እኛ ግን እንዲህ እናምናለን፤ የሰውን ችግር የጠየቀ ሰው መልስ የመመለስ ዕዳ አለበት። ግኝቱን በአማርኛ ጽፎ፣ በቀበሌው መሰብሰቢያ አንብቦ፣ “የነገራችሁኝ ይህ ነው፤ ተሳስቼ ይሆን?” ማለት የምርምሩ ጌጥ ሳይሆን የምርምሩ ክፍል ነው። ይህን ማድረግ ለእውነትም ይጠቅማል፤ 4 ቁጥር የተሳሳተ መሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር ይረዳናል። ተማሪው በእንግሊዝኛ የሚማረው ትልቅ አሳብ በአማርኛ ተጠያቂነት ይባላል። ተጠያቂ ማለት የሚጠየቅ፣ መልስ ያለበት ሰው ማለት ነው። ነገር ግን በቤታችን መጠየቅ ሌላም ትርጉም አለው፤ ታማሚን፣ እስረኛን፣ ሐዘንተኛን እንጠይቃለን። ጌታችንም በመጨረሻው ፍርድ ከሚመረምረን ነገር አንዱ ታሞ ሳለ መጠየቃችን ወይም አለመጠየቃችን እንደ ሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተምረናል። እንግዲህ የተመራማሪ መጠይቅ፣ የሹም ተጠያቂነትና የወዳጅ ጥየቃ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። አገራችን ለበደል ሰሚ የሆነውን ተቋም በ1992 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ስታቋቁም የእንባ ጠባቂ ብላ መሰየሟም ያለ ምክንያት አይደለም። የስሙ ትርጉም በእያንዳንዱ መስኮት ካልተፈጸመ ግን የአንድ ተቋም ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

5. የሚነሡ ተቃውሞዎች

“ሕዝብ ሁልጊዜ ትክክል ነውን?” ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይደለም። ብዙ ሰው ተስማምቶ ጥቂቱን ሊበድል ይችላል፤ በመንደር ስብሰባ የደሃ አደጉ መሬት በጭብጨባ ሊወሰድ ይችላል። ባለሙያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሕዝቡ አሳብ ተለይቶ መቆም ግዴታው ነው። መስማት መታዘዝ ማለት አይደለም። ይልቁንም መስማት የሚፈተነው በውሳኔው የሚጎዳው ሰው በመሰማቱ ነው። የሚጠቀመውን ሰው ሁሉም ይሰማዋል።

ሌላው ደግሞ “ወጣቱ ባለሙያ ምን ያድርግ? ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ ትእዛዙ ከላይ ይመጣል፤ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ የውጤት ካርድ፣ ካይዘን እየተባለ ቅጽ ይሞላል፤ እውነቱን ቢናገር ወንበሩን ያጣል” ይላል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ በንቀት የምናልፈውም አይደለም። አሠራርን የሚያሳጥሩ መሣሪያዎች በራሳቸው ጥሩ ናቸው፤ ባልቴቷ ሦስት ጊዜ በመመላለስ ፈንታ አንድ ጊዜ መጥታ ብትመለስ ትልቅ ምሕረት ነው። ነገር ግን ቅጹ ተሞልቶ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ካልተስተናገደ መሣሪያው ለሪፖርት ብቻ ሆኗል። ሐሰተኛ ሪፖርት እንዲፈርም የታዘዘ ወጣት የሚያስፈልገው ድፍረት ደግሞ በትምህርት ክፍል ብቻ አይገኝም። በ2000 እ.ኤ.አ. ቅዱስ አባታችን ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የመንግሥት ኃላፊዎች ጠባቂ አድርገው የሰየሙት ቅዱስ ቶማስ ሞር የእንግሊዝ ከፍተኛ ሹም ሳለ ኅሊናውን ላለመሸጥ በ1532 እ.ኤ.አ. ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1535 እ.ኤ.አ. በሰማዕትነት ሞተ። ከእያንዳንዱ የወረዳ ባለሙያ ሰማዕትነት አንጠብቅም። ያላየውን “አይቻለሁ” ብሎ እንዳይፈርም ግን ልንጠብቅ እንችላለን፤ እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን ላለመተውም እኛ ግዴታ አለብን።

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው ከብዙ ዓመት በፊት በቤታችን ይሰሙታል። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” የሚለውንም እንዲሁ። የአራት ዓመት ትምህርት ከዚህ የቤት ትምህርት ጋር መታገል አለበት። እኛ በተረቱ እየሳቅን ዩኒቨርሲቲውን ብቻ ብንወቅስ ፍርዳችን ትክክል አይሆንም።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የደረሰው ግጭት በብዙ ስፍራ ትምህርት ቤቶችንና ጽሕፈት ቤቶችን አዘግቷል። ቢሮው ሲዘጋ አስተዳደር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ ያላግባብ የተመለሰ አቤቱታም በሕዝብ ልብ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ታይቷል። ስለዚህ ስለ መልካም አስተዳደር መናገር የሰላም ጊዜ ቅንጦት አይደለም።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምንመኘው ጥቂት ነገር ነው። አስተዳደርን የሚማር ተማሪ ከመመረቁ በፊት ጥቂት ቀናት በአንድ ጽሕፈት ቤት ከመስኮቱ ወዲያ ሳይሆን ከመስኮቱ ወዲህ፣ ከባለ ጉዳዮች ጋር በአግዳሚው ወንበር ቢቀመጥ፤ አንድ አቤቱታ ከገባበት እስከ ተወሰነበት ቀን ድረስ ተከታትሎ ቢጽፍ፤ የጎጃምን የገመድ ታሪክ ከውጭ አገር ምሳሌዎች ጋር አብሮ ቢማር፤ ጥናቱንም ለጠየቃቸው ሰዎች መልሶ ቢያነብ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለራሳችንም እንናገር። እኛም አስተዳዳሪዎች ነን። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ የሚይዘው መምህር፣ የቁምስናው ምክር ቤት አባል፣ የእድሩ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ሁሉ በደጁ የሚቆም ሰው አለው። የምስክር ወረቀት ፈልጎ የመጣን ወጣት “ለነገ ተመለስ” ስንለው ያው ደጅ ጥናት በእኛም ቤት ገብቷል። የቁምስናችን ሒሳብ በምእመናን ፊት በግልጽ ሲነበብ፣ ለሚጠይቅም ሰው ያለ ቁጣ ሲመለስ ልጆቻችን ተጠያቂነትን በዓይናቸው ይማራሉ። ማንበብ የማይችሉትን የሚረዱ መምህራን ማመልከቻ ሲጽፉላቸው ቃላቸውን በትክክል ያስፍሩላቸው፤ ጽፈውም ያንብቡላቸው።

ንጉሥ ሰሎሞን በገባዖን የለመነው ረጅም ዕድሜን ወይም ሀብትን ሳይሆን ሕዝቡን ለመፍረድ የሚሰማና የሚያስተውል ልብን ነበር (1ነገ. 3፥5-12)። ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነገር ሊሰጥ ይችላል። የሚሰማ ልብን ግን ዩኒቨርሲቲው፣ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ አብረው ካላሳደጉት በቀር የሚገኝ አይደለም። እንዲህ ያለ ልብ የያዘ አንድ ወጣት በይጁቤ መስኮት ቢቀመጥ፣ ከገጠር የመጣችው ባልቴት የተማረውን ትምህርት ስም ባታውቅም መማሩን ታውቃለች።

በየጉባኤያችሁ ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. በቁምስናችን ወይም በእድራችን በደጅ የሚቆም ማን ነው? ለምን ያህል ጊዜስ ይቆማል?

2. በ1960፣ በ1989 እና ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውን ሽማግሌዎቻችን እንዴት ያስታውሱታል? ወጣቶች ጠይቀው ይጻፉ፤ ጽፈውም መልሰው ያንብቡላቸው።

3. ሐሰተኛ ሪፖርት እንዲፈርም የታዘዘ ልጃችን ወደ እኛ ቢመጣ ምን እንመክረዋለን? ሥራውን ቢያጣስ ምን እናደርግለታለን?